ከቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ በፊት ናሙናው እንደገና ይታይ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 63 ነው። የፒኤስኤ (በደም ውስጥ የሚለካ የፕሮስቴት ፕሮቲን) ውጤቴ 8.4 ሆኖ በመገኘቱ ኤምአርአይ ተነሥቼ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከፕሮስቴቴ በመርፌ ናሙና፣ ተወሰደልኝ። ከ12ቱ ናሙናዎች በሦስቱ ካንሰር ተገኝቷል፤ ወረቀቱ ላይ ‹ግሊሰን 3+4=7› ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሜ ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ይሻላል ብሎ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ልጄ ግን ሌላ ሐኪም ሳናማክር አይሆንም እያለች ትወተውተኛለች። እኔን የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። በመርፌ የተነካ ካንሰር ቶሎ ይሰራጫል ሲባል ስለሰማሁ ጊዜ ማባከን እፈራለሁ። የረዳኝን ሐኪም ማስቀየምም አልፈልግም። ደግሞስ ሁለቱ ሐኪሞች የተለያየ ነገር ቢነግሩኝ የትኛውን አምናለሁ? የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። ሌላ ሐኪም ማማከር በእርግጥ ይጠቅመኛል?»

መልስ፦ ይጠቅምዎታል። እንዲያውም በእርስዎ ሁኔታ ለሕሊና ዕረፍት ሲባል ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባትዎ በፊት መጠናቀቅ ያለበት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ይህን የምለው ራሴ ፕሮስቴት በማውጣት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ቀዶ ሐኪም ሆኜ ነው። ነገር ግን «ሌላ ሐኪም» የሚለው አነጋገር ትንሽ መስተካከል አለበት። ያንኑ ወረቀት ይዘው ወደ ሌላ ቀዶ ሐኪም ቢሄዱና እሱም «ይውጣ» ቢልዎት፣ በእጅዎ ያለው የመጀመሪያው አስተያየት ግልባጭ እንጂ ሁለተኛ አስተያየት አይደለም። ለእርስዎ የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ናሙናዎን በማይክሮስኮፕ እንደገና የሚያይ ሌላ ፓቶሎጂስት ነው። ሌላው የፕሮስቴት ካንሰርን በጨረር የሚያክም ሐኪም ነው። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር፤ የሚሯሯጥ ሰው የሚነገረውን አይሰማምና። ባዮፕሲ የፕሮስቴት ካንሰርን ያሰራጫል የሚለው ወሬ ሥር የሰደደ ነው። መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ካንሰር ማቆጥቆጡ ተመዝግቦ ያውቃል፤ ሆኖም እጅግ ብርቅ ነው፤ የሕክምና ውሳኔ የሚመሠረትበት ጉዳይም አይደለም። ወሬው የሚኖረው ሰው መርፌውን ስለሚያይ፣ ከመርፌው በፊት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያደገውን ካንሰር ግን ስለማያይ ነው። አንድ ሰው በሽታው አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ይመረመራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይዳከማል፤ ቤተሰቡም «ከነኩት በኋላ ነው የባሰበት» ይላል። የቀደመው በሽታው ነበር።

ጊዜውስ? እርስዎ የገለጹት ዓይነት ካንሰር፣ ማለትም ከፕሮስቴቱ ያልወጣ፣ ፒኤስኤው ከ10 በታች የሆነና ግሊሰኑ (የካንሰሩ ክፋት መለኪያ፤ በኋላ አብራራዋለሁ) 3+4 የሆነ፣ ርምጃው የሚለካው በወራትና በዓመታት ነው። በዚህ ረገድ ያለን ትልቁ ማስረጃ በብሪታንያ የተካሄደው ፕሮቴክት የተባለው ጥናት ነው። ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በሽታቸው የተገኘባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ወዲያው ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ጨረር፣ ሦስተኛው ደግሞ ክትትል ብቻ ተመደበለት። የ15 ዓመቱ ውጤት በ2023 ሲታተም፣ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በክትትሉ ወገን 3.1 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው 2.2 በመቶ፣ በጨረሩ 2.9 በመቶ ነበሩ። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። ዓመታት የጠበቁት ሰዎች ሞት ከሌሎቹ ካልበለጠ፣ የእርስዎ ጥቂት ሳምንታት ምንም አያጎድሉም።

ይህን ጥናት ግን ከሚናገረው በላይ እንዳናናግረው። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው በክትትሉ ወገን 9.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በቀዶ ሕክምናው 4.7፣ በጨረሩ 5.0 በመቶ ነበሩ፤ እጥፍ ማለት ነው። ክትትል ከተመደበላቸው መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ15ቱ ዓመታት ውስጥ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ወስደዋል። ከተሳታፊዎቹ ከሦስት አራተኛ በላይ ግሊሰናቸው 6 ነበር፤ ማለትም ከእርስዎ የለዘበ። በተጨማሪም ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ላይ ቀደም ብሎ እንደሚጀምርና እንደሚከፋ ከሌሎች ጥናቶች ይታወቃል። ስለዚህ ከጥናቱ የምወስድልዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስቦ ለመወሰን ጊዜ አለዎት። ዝም ብለው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ከባዮፕሲ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይቆዩ ፕሮስቴት አያወጡም። መርፌው ያስከተለው እብጠትና የረጋ ደም ካልተወገደ ፕሮስቴቱን ከአጠገቡ ካሉት ነርቮችና ከፊንጢጣ ግድግዳ መለየት ያስቸግራል። ባዮፕሲዎ መቼ እንደተወሰደ ባይነግሩኝም፣ ምናልባት የሚፈልጉት ጊዜ ቀድሞውኑ በውስጡ ይኖራል።

ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታም አለና ይህን አጥብቀው ይያዙልኝ። ሽንት ጨርሶ ከተዘጋ፣ እግር ከከዳ ወይም ከደነዘዘ፣ አዲስና የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከተሰማ፣ ሌላ አስተያየት ፍለጋ ሳይሆን በዚያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ካንሰር የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ሕክምና እግርን ያተርፋል። ፒኤስኤው በመቶዎች የሚቆጠርና አጥንቱ የተያዘ ሰውም የሆርሞን ሕክምናውን ሊጀምር ይችላል፤ ምክክሩ ጎን ለጎን ይሄዳል። እርስዎ የጻፉት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

አሁን ወደ ናሙናው እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰዎች ሁሉ የሚዘሉት ይህን ነውና። ታማሚዎች ስለ ቀዶ ሐኪሙ እጅ ይጠይቃሉ፣ ስለ ማሽኑ ይጠይቃሉ፤ ውሳኔው ሁሉ የቆመበትን ወረቀት የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም።

«ግሊሰን 7» ሲባል ብዙ ሰው ከ10 ሰባት፣ ማለትም 70 በመቶ የከፋ ካንሰር አድርጎ ይረዳዋል። አይደለም። መለኪያው ስሙን ያገኘው በ1960ዎቹ ካዘጋጀው ከአሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ከዶናልድ ግሊሰን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የካንሰሩ ሴሎች የጤነኛውን እጢ ቅርጽ ምን ያህል እንደጠበቁ ወይም እንዳፈረሱ በማየት ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣል። በብዛት የሚታየው ቅርጽ ቁጥር መጀመሪያ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ ይደመራሉ። ዛሬ በተግባር በባዮፕሲ ላይ ከ3 በታች የሆነ ቁጥር ስለማይሰጥ ዝቅተኛው ድምር 6 ነው። ስለዚህ የእርስዎ 7 ከታች ሁለተኛው ደረጃ ነው። ይህ ግራ መጋባት እንዲቀር ፓቶሎጂስቶች በ2014 ከ1 እስከ 5 የሚቆጠር አዲስ ምድብ ተስማምተው አውጥተዋል፤ 3+3 ምድብ 1 ነው፣ 3+4 ምድብ 2፣ 4+3 ምድብ 3፣ ድምሩ 8 የሆነ ምድብ 4፣ 9 እና 10 ምድብ 5።

3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ሆነው ሳለ የተለያዩ ምድቦች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። በመጀመሪያው የሚበዛው የለዘበው ቅርጽ ነው፤ በሁለተኛው የከፋው። እንግዲህ ቁጥር 3ን ከቁጥር 4 የሚለየው የሰው ዓይን ነው። አንድ እጢ ተጠባብቆ ነው ወይስ ተዋሕዶ? ክቡ ቅርጽ ጎኑ ተቆርጦ ታይቶ ነው ወይስ በእርግጥ ፈርሶ? ሁለት ጎበዝ፣ ሐቀኛና የደከሙ ያልሆኑ ፓቶሎጂስቶች ያንኑ ስላይድ አይተው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። በተለይ በ3+3 እና በ3+4፣ እንዲሁም በ3+4 እና በ4+3 ድንበር ላይ መለያየቱ የተለመደ ነው። እርስዎ ያሉት ደግሞ በሁለቱ ድንበሮች መካከል ነው።

ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስልዎት፤ ቁጥሩ ሲቀየር ሕክምናው ይቀየራል። ሁለተኛው ፓቶሎጂስት 3+3 ነው ካለ፣ ዝቅተኛ ስጋት ካላቸው ሰዎች መካከል ይመደባሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚቀድመው ምክር ንቁ ክትትል ነው። ፒኤስኤ በየጊዜው ይለካል፤ ኤምአርአይና ባዮፕሲ በተወሰነ ጊዜ ይደገማል፤ ካንሰሩ ሲነቃነቅ ብቻ ይታከማል። ቢላዋም ጨረርም ላያስፈልግ ይችላል። 4+3 ነው ካለ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ክትትል ከምርጫው ይወጣል፤ ጨረር ከተመረጠም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚቆይ የሆርሞን ሕክምና ይጨመርበታል። ይህ መድኃኒት የወንዴ ሆርሞንን ስለሚያጠፋ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ያመጣል፣ ስብ ያስጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። እርስዎ የስኳር ታማሚ ነዎት። እንግዲህ አንድ ሰው በማይክሮስኮፕ ውስጥ ባየው ቅርጽ ምክንያት የእርስዎ ቀጣይ ዓመት ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ይመልከቱ።

ሁለተኛው ንባብ 3+4ን ቢያጸናም የሚጨምረው ነገር አለ። ወረቀቱ ከካንሰሩ ውስጥ ቁጥር 4 የሆነው ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገር። 5 በመቶ መሆንና 40 በመቶ መሆን አንድ አይደለም፤ መጠኑ ትንሽ ከሆነ አንዳንድ 3+4 የሆኑ ሰዎችም በንቁ ክትትል ሊቆዩ ይችላሉ። ወንፊት መሰል ቅርጽ መኖር አለመኖሩ፣ ካንሰሩ በእጢው ቱቦዎች ውስጥ መግባት አለመግባቱም ይጻፍ። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካለ ክትትሉን ይርሱት። በየናሙናው የካንሰሩ ርዝመት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነም ይጠየቅ። የኤምአርአይ ምስሉንም ፕሮስቴት ዘወትር የሚያነብ የራዲዮሎጂ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው። ዋናው ጥያቄ ካንሰሩ የፕሮስቴቱን ቅርፊት አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ነው፤ ነርቮቹን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ የሚወስነውም ይኸው ነው።

ናሙናው ከጸና በኋላ ወደ ጨረር ሐኪሙ ይሂዱ። ይህን የምለው የእርስዎ ሐኪም ደብቆዎታል ለማለት አይደለም። በ2000 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሐኪሞች መጠይቅ ነበር። ከፕሮስቴቱ ያልወጣ ካንሰር ላለበትና ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ሰው ምን ትመክራላችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከዩሮሎጂስቶች (የሽንት አካላትና የፕሮስቴት ቀዶ ሐኪሞች) 93 በመቶው ቀዶ ሕክምናን መረጡ፤ ከጨረር ሐኪሞች 72 በመቶው ደግሞ ጨረር ከቀዶ ሕክምና እኩል ነው አሉ። ሁሉም ቅን ሰዎች ነበሩ። ሐኪም በሥራው የሚያየው የዳኑለትን ሰዎች ነው፤ በሌላው ክፍል የዳኑትን አያይም። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ስለ ጨረር ጥሩ መረጃ ልሰጥዎት እችላለሁ፤ ጨረር ሲሰጥ ከሚውል ሰው የሚያገኙትን ያህል ግን አይሆንም።

ከቀዶ ሐኪሞች አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር መስጠት ይቻላል፣ ከጨረር በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና አይቻልም»። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጨረር ያገኘ ፕሮስቴት ማውጣት ከባድና ጉዳቱ የበዛ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከጨረር በኋላ ካንሰሩ የተመለሰበት ሰው መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ የሆርሞን ሕክምና አለ፣ ለአንዳንዱም በቅዝቃዜ ማጥፋት ወይም ጨረር የሚረጩ ጥቃቅን ፍሬዎችን በውስጥ መትከል ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ጨረር የሚጨመርበት ሰው የሁለቱንም ጉዳት ይሸከማል። ስለዚህ ይህን አባባል የውሳኔ ምክንያት አያድርጉት።

የሁለቱ ልዩነት በዋናነት የሚታየው ከሕክምናው በኋላ ባለው ኑሮ ነው። በዚያው በፕሮቴክት ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወንዶች 46 በመቶው በስድስተኛው ወር ለሚያመልጥ ሽንት ፓድ ይጠቀሙ ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 17 በመቶ ወርዷል። ወሲብን በተመለከተ፣ ከሕክምናው በፊት ከሁሉም 67 በመቶው በቂ መቆም ነበራቸው፤ በስድስተኛው ወር ይህ በቀዶ ሕክምናው ወገን 12 በመቶ፣ በጨረሩ 22 በመቶ፣ በክትትሉ 52 በመቶ ሆኗል። ዓመታት ሲያልፉና ዕድሜ ሲገፋ ልዩነቱ ይጠብባል። ጨረር በበኩሉ አንጀትን ይነካል፤ ደም የቀላቀለ ሰገራና ለመቀመጥ መቻኮል ከቀዶ ሕክምና ይልቅ በጨረር ይበዛል፤ በኋለኞቹ ዓመታትም ሰገራ የሚያመልጣቸው ሰዎች አሉ። እነዚህን ቁጥሮች የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። «ትንሽ ችግር ሊኖር ይችላል» በሚል አንድ ሐረግ የሚታለፍ ነገር ስላልሆነ ነው። ወንዶች ስለ ስንፈተ ወሲብ መጠየቅ ያፍራሉ፤ ሐኪሙም ካልተጠየቀ ያልፈዋል፤ ሁለቱም ዝም ያሉበት ነገር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቤት ውስጥ ይገለጣል።

እነዚህ የጥናት አማካዮች ናቸው፤ የእርስዎ ገላ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ከጨረር ሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩትም ይህንኑ ነው። የስኳር ሕመም ነርቭንና ደም ሥርን ስለሚጎዳ፣ ቀዶ ሐኪሙ ነርቮቹን ቢያተርፍም እንኳ መቆሙ የመመለሱ ዕድል ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። ይህ ወደ ጨረር ወይም ወደ ክትትል የሚገፋ ነው። በሌላ በኩል ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ መነሣትዎ፣ ፕሮስቴቱ ገዝፎ ሽንትን እያገደ ከሆነ፣ በተቃራኒው ይገፋል፤ ጨረር በመጀመሪያዎቹ ወራት እገዳውን ያብሳል፣ ቀዶ ሕክምና ግን እገዳውን ከነምንጩ ያነሣል። ሆኖም ሌሊት መነሣቱ ከስኳሩ ሊሆንም ይችላል፤ ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል። ስለዚህ የሽንትዎ ፍሰት፣ ከሸኑ በኋላ በፊኛ ውስጥ የሚቀረው መጠንና የፕሮስቴቱ ግዝፈት ይለካ። ይህ ሳይለካ «ለእርስዎ የሚሻለው ይህ ነው» የሚል ሐኪም፣ እኔን ጨምሮ፣ የሚናገረው በግምት ነው።

ሮቦት ስለሚባለው በአጭሩ ልናገር፤ ቀጥሎ የሚጠይቁት እሱን ነውና። በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 326 ወንዶችን በዕጣ ከፍሎ በሮቦትና በተለመደው መንገድ ቀዶ ሕክምና አድርጎ አስተያይቷል። በሮቦቱ የሚፈሰው ደም ያነሰ ነበር፤ በሽንትና በወሲብ ረገድ ግን በሦስተኛው ወር ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሐኪሙን ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ራሱ ይጠይቁት፤ በዓመት ስንት ፕሮስቴት ያወጣል? ከታማሚዎቹ ስንቱ በዓመቱ ያለ ፓድ ይውላሉ? የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸውስ ስንት ናቸው? ሥራውን የሚከታተል ሐኪም መልሱን ያውቃል።

ሦስተኛው ስጋትዎ፣ ሁለቱ ሐኪሞች ቢለያዩስ የሚለው፣ ትክክለኛ ስጋት ነው። ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ የበለጠ ስም ያለውን ወይም የበለጠ ያግባባቸውን ሐኪም ያምናሉ። ከዚያ በፊት ግን የተለያዩት በምን ላይ እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ልዩነቱ በሽታው ምን እንደሆነ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ 3+4 ሌላው 4+3 ካለ፣ ወይም አንዱ ቅርፊቱን አልፏል ሌላው አላለፈም ካለ፣ ይህ በሌላ ዓይን ወይም በሌላ ምርመራ የሚፈታ ነው፤ እርስዎ ሊዳኙት አይገባም። ሦስተኛ አስተያየት ዋጋ የሚኖረውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በበሽታው ተስማምተው በሕክምናው ከተለያዩ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መንገዶች ያድናሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በምን ዋጋ የሚለው ነው። ዋጋውን ከፋዩ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሽንት ማምለጥን የማይችል ሰው አለ፤ ካንሰሩ በሰውነቱ ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው አለ፤ ለተከታታይ ሳምንታት ወደ ጨረር ክፍል መመላለስ የማይመቸው አለ። ይህን ማንም ፕሮፌሰር ሊወስንልዎት አይችልም። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ሐኪም መጨመርም ውሳኔውን አያቀልልዎትም፤ መስማት የፈለጉትን እስኪሰሙ መዞር ይሆናል እንጂ። የካንሰር ሐኪሞች፣ ቀዶ ሐኪሞች፣ ፓቶሎጂስቶችና ራዲዮሎጂስቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው የታማሚን ጉዳይ የሚመለከቱበት የጋራ ስብሰባ ባለበት ሆስፒታል ከታከሙ፣ ጉዳይዎ ለዚያ እንዲቀርብ በግልጽ ይጠይቁ።

ሐኪምዎን ስለማስቀየም የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ጥሩ ሰው መሆንዎን ያሳያል። ግን ይህ መጥፎ ሸክም ነው፤ ያውርዱት። እኛ ሐኪሞች ራሳችን ስንታመም ሁለት ሦስት ባልደረባ ሳንጠይቅ አንታከምም። የሚሉት ቃል ይህ ይሁን፦ «ዶክተር፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። ከመወሰኔ በፊት ናሙናዬ በሌላ ፓቶሎጂስት እንዲታይ፣ ከጨረር ሐኪምም ጋር እንድነጋገር እፈልጋለሁ። ወረቀቶቹን እንዲያዘጋጁልኝ እለምንዎታለሁ።» ተደብቀው አይሂዱ። ሲደበቁ መረጃው ይጎድላል፤ ሁለተኛውም ሐኪም በባዶ ያወራል፤ የመጀመሪያው ሲሰማ ደግሞ ያኔ ነው የሚያዝነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ጥያቄ በደስታ እንቀበላለን። የሚቆጣ ካለ፣ ቁጣው የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ይዘው የሚሄዱትም ሙሉ ይሁን። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ የመስታወት ስላይዶቹ ራሳቸው፣ ካስፈለገም ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበት ብሎክ ነው የሚታየው። ከኤምአርአዩም ንባቡ ብቻ ሳይሆን ምስሉ በሲዲ ይያዝ። ከዚህ በፊት የተለኩ የፒኤስኤ ውጤቶች ሁሉ ከነቀናቸው ይጻፉ፤ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ ይናገራልና። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘርዝሩ። ለሽንት እገዳ የሚሰጡት ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ለወራት ሲወሰዱ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ የእርስዎ 8.4 በእውነቱ ወደ 17 ይጠጋል፤ የስጋት ምድቡም ይቀየራል። ይህን ለሐኪምዎ ነግረውታል? በአባት፣ በወንድም ወይም በእናት ወገን የፕሮስቴት፣ የጡት ወይም የማኅፀን እንቁላል ካንሰር ካለም ይናገሩ፤ ብራካ 2 የተባለው ዘር ወለድ ለውጥ ያለበት ሰው ካንሰሩ ኃይለኛ ስለሚሆን ክትትል ለእሱ ብዙም አይመከርም።

ሁለተኛ አስተያየት ከማን እንደማይወሰድም ልናገር። አንድ ሕክምና ብቻ የሚሸጥ ሰው ሚዛናዊ አስተያየት ሊሰጥ አይችልም። በድምፅ ሞገድ ወይም በቅዝቃዜ የፕሮስቴቱን አንድ ክፍል ብቻ ማጥፋት ለአንዳንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር የሚስተካከል የረጅም ዓመታት ማስረጃ ገና የለውም፤ ይህን ሳይነግር የሚያስተዋውቅ ካለ ይራቁት። «ያለ ቢላዋ፣ ያለ ጨረር አድናለሁ» እያለ ቅጠል ወይም እንክብል የሚሰጥም እንዲሁ ነው። ሊታከም በሚችልበት ጊዜ ወደዚያ ሄዶ፣ አጥንቱ ከተያዘ በኋላ ወደ እኛ የተመለሰ ሰው ማየት ከሥራዬ ሁሉ ያመኛል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ አይሰርዙ፣ በአራት ሳምንት ያዘግዩት። ስላይዶቹ ፕሮስቴት ወደሚያዘወትር ፓቶሎጂስት ይሂዱ። ያ ንባብ ሲመጣ ከጨረር ሐኪም ጋር ይቀመጡ፤ ለሁለቱም ሐኪሞች ያንኑ ጥያቄ ያቅርቡ፤ «አሁን ምንም ባላደርግና ብከታተል ምን ይሆናል?» 3+3 ከሆነ ቀጠሮውን ይተዉትና ንቁ ክትትል ይጀምሩ። 3+4 ከጸና ምርጫው በእርግጥ ክፍት ነው፤ ቁጥር 4 የሆነው ምን ያህል እንደሆነና የሽንትዎ ልኬት ይወስነዋል፤ እኔ ከጻፉት ብቻ ተነሥቼ ቀዶ ሕክምናው ስህተት ነው አልልም፣ ብቸኛው መንገድ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። 4+3 ከሆነ ወይም ከዚያ ከከፋ፣ መዘግየቱ ይብቃ፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዱ መንገድ ይታከሙ።

ልጅዎን በሁለቱም ቀጠሮዎች ይዘው ይግቡ። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚነገረውን አብዛኛውን አይዝም፤ እሷ ትጻፍ፣ እርስዎ ይጠይቁ። ስለ ወሲብ የሚጠይቁበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ እንድትወጣ ያድርጉና ሳያፍሩ ይጠይቁ።